ሞተር ቀይሬ ፋኑ ላይ ተቸገርኩ፦ የቺንጋው ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪኩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምዱን ሁሌ ነው የማነበው። በፈረንጅ 1985 የተሰራ ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 60 አለኝ፣ የድሮው ሞተር ቤንዚን ሲጠጣ አላስቆም ስላለኝ አውጥቼ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ አስገባሁበት። ሞተሩ ተስማምቶኛል ግን ጭኜ አባይ በረሃን ወደ ደጀን ስወጣ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይጠጋል፣ ሜዳ ላይ ምንም አይል። አንዱ መካኒክ ሞተሩ በቺንጋ (በቀበቶ) የሚያዞረውን የራዲያተር ፋን ጥለህ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋን ግጠም፣ ነዳጅም ትቆጥባለህ ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ እንዳትነካው ይላል። ማንን ልስማ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለተኛውን ስማ ወንድሜ። ከአባይ ድልድይ ተነስተህ ደጀን እስክትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው፣ እሱንም በከባድ ማርሽ እያዘገምክ፣ ስለዚህ ከፊት የሚገባ ንፋስ የለህም ማለት ይቻላል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው። የቺንጋው ፋን ደግሞ ሞተሩ በተሽከረከረ ቁጥር አብሮት ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲጨነቅ እሱም ይበረታል። ኤሌክትሪኩ ግን ሞተሩ ቢጮህም ባይጮህም አቅሙ ያው ነው፣ ገበያ ላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ደግሞ ለ4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ያውም ተጭኖ ዳገት ለሚወጣ፣ አይበቁም። በዛ ላይ ከፍታው አለ፣ ደጀን አካባቢ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ የትኛውም ፋን እዛ ሲደርስ የሚያቀዘቅዘው ያንሳል።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፣ ከፑሊው ጋር በብሎን የታሰረ ፋን ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ ሁሌ ጉልበት ይበላል። ያንተ ግን ቪስኮስ (ፋኑን የሚይዝና የሚለቅ ክላች) ያለው ነው፣ ውስጡ ሲሊኮን ዘይት አለ፣ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ፊቱ ላይ ያለችው ጥምዝ ብረት ቫልቩን ትከፍትና ፋኑ ይያዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ጉልበቱን የሚያገኘው ከዲናሞ ነው፣ ዲናሞውን ደግሞ የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው።

አሁን ወደ ችግርህ። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ በዝግታ ስትሄድ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፋኑ አየር ነው፣ በፍጥነት ስትነዳ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ውሃው አይዞርም እልህ ነበር። ሞተር የተቀየረበት መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክ ነው። የድሮው ሞተር ፋን መሃሉ ሌላ ቦታ ነበር፣ አዲሱ ዝቅ ወይ ከፍ ይላል፣ ፕላስቲኩ አልገጥም ሲል መካኒኩ አውልቆ ጥግ ይጥለዋል፣ በቃ ከዛ በኋላ ፋኑ ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣ አየር ከመሳብ ይልቅ ሞተሩ ጋ ያለውን የሞቀ አየር ራሱን እያዞረ ይውላል። ኮፈኑን ክፈትና እይ፣ ከሌለ ቆርቆሮ ቤት ሄደህ የራዲያተሩን ፊት ሙሉ የሚሸፍን አሰራ፣ የፋኑ ምላጭ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጪ ይሁን፣ ዙሪያውን 2 ሴንቲሜትር ገደማ ክፍተት ተውለት ምክንያቱም ሞተሩ በተቀመጠበት ላስቲክ ላይ ይወዛወዛል።

ቀጥሎ ቪስኮሱ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አጥፋና ቁልፉን ነቅለህ ፋኑን በእጅህ አዙረው፣ ከበድ ብሎ ቶሎ መቆም አለበት፣ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ወይ ፊቱ ላይ ዘይት ካለ አልቆለታል። ከመቀየርህ በፊት ግን ዘይቱን መሙላት ይቻላል፣ ቶዮታ ራሱ 10,000 የሚባለውን ሲሊኮን (ቁጥሩ ውፍረቱን ነው) በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። የራዲያተር ክዳኑንም አትርሳ፣ እናንተ ጋ ባለው ከፍታ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ደህና ክዳን ካለው ግን ከ110 በላይ ይታገሳል። የክዳን ዋጋና ሞተሩ ሲፈላ የሚበላሸው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ዋጋ አይገናኝም።

የቺንጋው ፋን የሚጎዳህ ክረምት ላይ ወንዝ ስትሻገር ነው፣ ጥልቅ ውሃ ሲመታው ምላጩ ወደፊት ታጥፎ ራዲያተሩን ይቀደዋል። ከመግባትህ በፊት ፊቱን በሸራ ሸፍነው፣ ውሃው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ቺንጋውን ፈታ አድርገው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ያለችኝ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ረዘም ያለ ሞተር ገባባትና ፋኑ ራዲያተሩን ሊነካ ሲል አውጥተው ኤሌክትሪክ ገጠሙልኝ፣ የምታበሪው ከዳሽቦርድ ነው ብለው ማብሪያ ሰጡኝ። አሁን ማታ መብራት ሳበራ ባትሪው ይደክማል። ወደ ድሮው ልመለስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ላንቺ ኤሌክትሪኩ ትክክል ነው፣ ቦታ ከሌለ የለም፣ መኪናዋም ቀላል ናት። ትክክል ያልሆነው አገጣጠሙ ነው፣ በተለይ ማብሪያው በጣም ያናድደኛል፣ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲጣደፍ ፋን ማብራት ይረሳል፣ አንድ ቀን መርሳት ደግሞ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) ያስበላል። ውሃው ሲሞቅ ፋኑን ራሱ የሚያስነሳ የሙቀት ስዊች አስገጥሚ። ግን ዲግሪውን ልብ በይ፣ ቴርሞስታቷ (የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የምትለቀው) 82 ላይ መከፈት የምትጀምር ከሆነ ፋኑ 92 ወይ 95 ላይ ይነሳ፣ ወደ 87 ሲወርድ ይጥፋ። 80 ላይ ካስተካከሉት ፋኑ ቀኑን ሙሉ አያርፍም፣ ባትሪሽም አያርፍም።

መስመሩ በሪሌ (ትልቁን ከርንት በሚያበራና በሚያጠፋ ስዊች) ይሂድ፣ ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ፋኑ ሲነሳ የሚስበው ከርንት ሲዞር ከሚስበው በጣም ይበልጣል። ከዛ ሞተሩን አስነስተሽ መብራቱን ፋኑን ሁሉንም አብሪና ባትሪው ላይ ቮልቱን አስለኪ፣ ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው አልቻለም፣ ከፍ ባለ ዲናሞ ይቀየር። አንድ ወረቀት ደግሞ ራዲያተሩ ፊት አስጠጊ፣ ወደ ራዲያተሩ ካልተሳበ ፋኑ በተቃራኒ እየዞረ ነው፣ ሁለቱን ሽቦ ያቀያይሩት። ማብሪያውን አታስነቅዪው፣ ስዊቹ መንገድ ላይ ቢበላሽብሽ በእጅ እንድታስነሺው ጎን ለጎን ያገናኙልሽ።