ከሥነ ጽሑፍ ወደ ሥነ ልቦና

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አግኝቻለሁ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ስለምመኝ ወደ ሥነ ልቦና የሚያሸጋግር የማስተርስ ትምህርት እየፈለግሁ ነው። በምን ልምረጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድመው ትምህርቱ የብሪታንያ ሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ከሌለው፣ ወደ 3 ዓመቱ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ለመግባት የሚጠየቀውን መሠረታዊ ብቃት ስለማያስገኝልዎ ድካምዎ ከንቱ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በሙሉ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት የሚፈጀው ይህ ትምህርት ብቻውን ሳይኮሎጂስት አያሰኝም። ከሁሉ ይልቅ ስታቲስቲክስ እንዴት እንደሚሰጥ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ግጥም ሲተነትን የኖረ ሰው በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ ፊት ተቀምጦ፣ በሁለት ቡድኖች አማካይ ውጤት መካከል ያለው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን መመርመር ይጠበቅበታልና፣ ከመሠረቱ ጀምሮ የሚያስተምር ክፍል ይምረጡ። የጥናት ፕሮጀክቱንም ማለፍ ግዴታ ስለሆነ፣ አማካሪ መምህር እንዴት እንደሚመደብ ከመመዝገብዎ በፊት ይወቁ።