ልጄን «ከዚህ አውጪው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። የነገሩትን ይይዛል፣ ሂሳብም ይሠራል፣ ማንበብ ላይ ግን ፊደል ይምታታበታል። መምህሩ «ልዩ ትምህርት ቤት ፈልጊለት» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታስወጪው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ማንም በአካል ጉዳት ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት አይገለልም ይላል። የአንቺ ልጅ ደግሞ ገና በቅጡ እንኳን አልተመረመረም!

መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። ሰሌዳው በደንብ ሳይታየው «ሰነፍ» እየተባለ የሚያድግ ልጅ አለ፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የንባብ ችግር ሊሆን ይችላል። የኛ ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ 7 ቅርፅ አለው፣ በድምሩ 231፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ደግሞ የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ጥቂት ፊደል እየመረጡ፣ አሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ጮክ ብሎ እንዲል ማድረግ ይረዳል። ቤትም ሞክሪው።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቢ። የግል የትምህርት ዕቅድ በጽሑፍ ይውጣለት በይ፤ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚረዳው፣ መቼ እንደሚገመገም የሚገልጽ። የልዩ ፍላጎት መምህር ከሌላቸው የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአካባቢያቸውን ልጆች የሚያግዝ ሪሶርስ ሴንተር አላቸው። እስከዚያው ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ፈተናውንም በቃል ይጠይቁት።