ኮዱ የማን ነው? የሳምንቱ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ ልጆች ናቸው። ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ላይ ማን ምን እንደሠራ በግልጽ እንዲታይ ምን እናድርግ ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ላፕቶፕ ነው የምንሠራው። ኮዳችንን የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ ግን ሥራው ሁሉ በላፕቶፑ ባለቤት ስም ይወጣል። እሱም አፍሯል፣ እኛም ከፍቶናል።» (ከዋናው ግቢ)

ልጁን አትቀየሙት። ጊት (የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ኪቦርዱ ላይ ማን እንደተቀመጠ አያውቅም። ኮንፊግ (ቅንብሩ) ላይ የተሞላውን ስምና ኢሜይል አንስቶ ኮሚቱ (የተመዘገበው ለውጥ) ላይ ይለጥፋል፤ እውነት ይሁን ውሸት አያጣራም። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዳችሁ ፕሮጀክቱን በየራሳችሁ ፎልደር ክሎን አድርጉ (ሙሉ ቅጂውን አውርዱ)። ከዚያ ኮንፊግ ላይ ለላፕቶፑ ሁሉ የሚሠራውን «ግሎባል» የሚለውን ትታችሁ በየፎልደሩ የራሳችሁን ስምና ኢሜይል ሙሉ። መብራት ሊጠፋ ነው ብላችሁ ስትጣደፉ ስም መቀየር አይረሳችሁም። በኋላ ፑሽ የሚያደርገው (ወደ ጊትሃብ የሚልከው) ሌላው ቢሆን እንኳ ኮሚቱ የጻፈውን ሰው ስም እንደያዘ ይሄዳል።

አንዱ እየጻፈ ሌላው እያሰበ ከሆነስ? የኮሚቱ መልእክት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ዝለሉና «ኮ-ኦተርድ-ባይ» (በእንግሊዝኛ ፊደል Co-authored-by:) ብላችሁ የጓደኛችሁን ስምና ኢሜይል ጨምሩ። ኢሜይሉ ጊትሃብ ላይ የተመዘገበበት ካልሆነ ግን ሥራው አይቆጠርለትም። ያለፈውን ኮሚት ለማስተካከል ታሪኩን እንደገና አትጻፉ፤ ፕሮጀክቱን ክሎን ያደረጉ ሰዎች ይተራመሳሉ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ እነማን ምን እንደሠሩ መጻፍ ይበቃል።

«ግማሹን ኮድ ኤአይ ነው የጻፈልኝ። ብናገር ይጥሉብኛል ብዬ ፈራሁ።» (ከአቶቴ)

ሊጥሉብሽ ይችላሉ፣ አልዋሽሽም። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት የኤአይ ኮድ አልቀበልም ያለው በ2024 ነው። ሌላው የሊኑክስ ፕሮጀክት ፌዶራ ደግሞ በ2025 ፈቅዷል፤ ግን ለኮዱ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ በኤአይ መጠቀምሽንም ግለጪ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ደንብ አንብቢ። ከፈቀደ አንድ መስመር ይበቃል፦ «የቴስቱን ክፍል ኤአይ ጻፈው፤ እኔ አንብቤ ኡቡንቱ ላይ ሞክሬዋለሁ።» እንደ እኔ እንደ እኔ ሰውን የሚያናድደው ኤአዩ አይደለም። «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ሲጠየቅ ባለቤቱ መጥፋቱ ነው። ማስረዳት የማትችይውን መስመር አትላኪ።

«በቅጽል ስም ነው የምሠራው። ያስጠረጥረኛል?»

ስሙ ብቻውን አያስጠረጥርም። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ አስኳል) ፕሮጀክት እንኳ ድሮ «እውነተኛ ስም» ይል የነበረውን በ2023 «የሚታወቅ ማንነት» ብሎ ለውጦታል። አንድ ስም ያዝ፣ አትቀያይር።

አሁን «የኤክስዜድስ ነገር?» ትለኝ ይሆናል። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ ሰው ኤክስዜድ ዩቲልስ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮጀክት ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ሥራ ሠርቶ ታመነ። በ2024 ሚስጥራዊ የኋላ በር አስገባ። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው ፋይል ጊት ላይ አልነበረም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነገሩን የጠረጠረው በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። ግማሽ ሰከንድ! በእኛ ኔትወርክ ማን ልብ ይለዋል? እኔን ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰው ያየው ኮድና የሚወርደው ጥቅል መለያየቱ ነው።

«ከሌላ ፕሮጀክት የቀዳሁትን ኮድ ምን ልበለው?»

የተቀዳ ነው በለው። ከየት እንደመጣ ከነላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ጻፍ። ከርነሉ ከ2004 ጀምሮ «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» የሚያስጽፈው ለዚህ ነው፤ ኮዱን የመስጠት መብት አለኝ ብለህ በስምህ ትፈርማለህ።

«ውይይታችን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው። ችግር አለው?»

ማውራቱ ችግር የለውም። ግን ግሩፑ ውስጥ የሌለ ሰው ለምን እንዲያ እንደወሰናችሁ በምን ይወቅ? ውሳኔውን በሁለት መስመር ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ይግባልን ብላችሁ የምትጠይቁበት ገጽ) ላይ አስፍሩት። ሰሞኑን ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ የፕሮጀክቱን ሎግ (የኮሚቶቹን ዝርዝር) ከፍቶ አሳየኝ። «ፊክስ»፣ «ፊክስ 2»፣ «አሁን ይሠራል»፣ «አሁን የምር ይሠራል»። ምኑ ነው የተሠራው ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራሙን ወደ ላይ ይስብ ጀመር። ቡናው ቀዘቀዘ፣ እሱ ገና መጋቢት ላይ ነበር።