መሐሉን ገልጣችሁ እዩ

ልጆቼ፣ ፍሎሪዳ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውኃ ማጠጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ኩባዊ ሽማግሌ ጎማውን ከእጄ ተቀበለኝ። ውኃውን አፈሩ ላይ ሳይሆን ተክሉ መሐል፣ ቅጠሎቹ ተቃቅፈው በሠሩት ዋንጫ ውስጥ አፈሰሰው። ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ተክል የሚጠጣው በሥሩ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ እንቁራሪት ቅጠሉ ላይ ተለጥፋለች። ከሥሯ ደግሞ የትንኝ እጮች ውኃው ውስጥ ይወራጫሉ። ከብሮሚሊያድ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ስሙ አዲስ ቢሆንባችሁም አንዱን በልታችሁታል፤ አናናስ ብሮሚሊያድ ነው። ቤተሰቡ ከ3,500 በላይ ዝርያ አለው። ጊኒ ውስጥ ከምትበቅል አንዲት ዝርያ በቀር ሁሉም የሰሜን፣ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛፍ ላይ ይኖራሉ።

እኛ ዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ ተቀጥላ ብለን እንደ ጥገኛ እናየዋለን። ብሮሚሊያድ ግን ከዛፉ አንዲት ጠብታ አይጠባም። ሥሩ መያዣ ብቻ ነው። ዝናቡንና ጤዛውን የሚመጠው ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ነው። ምግቡንም ዋንጫው ውስጥ ወድቆ ከበሰበሰው ቅጠልና ከእንስሳቱ ኩስ ያገኛል። «ዛፌን ሊገድልብኝ ነው» ብለው ሲያራግፉት ያየኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። እባካችሁ፣ ሳትጠይቁ አትቁረጡ።

ጃማይካ ውስጥ ልጆቿን በብሮሚሊያድ ዋንጫ ውኃ ውስጥ የምታሳድግ ሸርጣን አለች። የወደቀውን ቅጠል እየለቀመች ታወጣለች። የቀንድ አውጣ ቅርፊት እያመጣች ትከታለች። ቅርፊቱ የውኃውን አሲድነት ይቀንሳል፣ ለልጆቿም ካልሲየም ይሆናል። ቤት ስታሰናዳ የምትውል እናት ማለት ናት። ስለዚህች ሸርጣን ስንት ጊዜ እንዳወራሁ አላውቅም፤ ዛሬም አይሰለቸኝም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ነቀዝ ተገኘ። ከሜክሲኮ ለሽያጭ ከመጡ ብሮሚሊያዶች ጋር የገባ ነው። እህል ላይ ከምናውቀው ነቀዝ በጣም ይተልቃል። ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ መቀነት አለው። ተክሉን የሚገድለው ትሉ ነው። ከውጭ ስታዩት ተክሉ ደህና ይመስላል። መሐለኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት ግን ተመዝዞ ይወጣል። ጫፉ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ውስጡ እግር የሌለው ነጭ ወፍራም ትል ተኝቷል።

ፍሎሪዳ 16 የራሷ ብሮሚሊያዶች አሏት። ነቀዙ አብዛኞቹን ይበላል። ክፉኛ የተጎዳችው ቲላንድሲያ ዩትሪኩላታ ናት። ሰሜን ተራሮች ላይ ጅብራን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እሷም እንደ ጅብራ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ አብባ፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። ለዚያች ለአንዲት አበባ ከ10 እስከ 20 ዓመት ትቆያለች። ነቀዙ ደግሞ የሚመርጠው ትልልቆቹን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ተክል ልታብብ ስትል ትሉ ልቧን ይበላባታል፤ አንድ ዘር ሳትጥል ትቀራለች።

የራሴንም ጥፋት ልንገራችሁ። የተክል ጭነት ተቆጣጣሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ዓርብ ማታ አንድ መኪና ሙሉ ብሮሚሊያድ መጣ። ደክሞኝ ነበር። የላይኛውን መደርደሪያ ብቻ አይቼ ፈረምኩ። ከሳምንታት በኋላ ከዚያው ጭነት ከታችኛው ረድፍ ትሉ ተገኘ። ማንም አልተቆጣኝም፤ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ መሐሉን ሳልገልጥ ፈርሜ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን አደራ እላችኋለሁ። አገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ጤና አዳሙን ከነአፈሩ በካልሲ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትሸጉጡ። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ እኔም ሽታው ይናፍቀኛል። ግን የያዛችሁትን ቅጹ ላይ ጻፉ፣ ይታይላችሁ። ከዚህ ወደ አገር ቤት ስትሄዱም እንደዚያው ነው። እንሰትና ቡና ወዳለበት አገር እርጥብ ችግኝ ይዞ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። የቤት ውስጥ ተክል የምትሸጡና የምትገዙም «ከየት መጣ? ከዘር የፈላ ነው ወይስ ከጫካ የተነቀለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው ሌላ ጋ ሂዱ።

ነቀዙን ለመግታት ተመራማሪዎች ከሆንዱራስ ትሉን የምታጠቃ ዝንብ አምጥተው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለቀዋል፤ ነቀዙ ግን አልቆመም። እስከዚያው ዘር መሰብሰብ፣ ችግኝ ማፍላትና ትልልቆቹን በወንፊት መሸፈን ነው ያለው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የያዘች አንዲት ዩትሪኩላታ አለች። ከዘር ስትፈላ እንደ ሣር ቀጭን ነበረች። አሁን ቅጠሏ ከክንዴ ይረዝማል። ወንፊቱን አንስቼ መሐሏን በባትሪ አያለሁ፤ ደህና ናት። የአበባ ግንዷን ገና አላወጣችም።