የድሬ ቆሻሻ ወዴት ይሂድ? ጥያቄና መልስ

ስለ ቤትና ስለ ሰፈር ቆሻሻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። በአካባቢ ጤና ሙያ ድሬዳዋ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አቦ፣ እርጥቡንና ደረቁን ለዩ ትላላችሁ። እኔ እለያለሁ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማህበሩ ልጆች መጥተው እዚያው ጋሪ ላይ ይደባልቁታል። ታዲያ ልፋቱ ለምንድነው?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ጋሪው ላይ ቢደባለቅ እንኳ ጥቅሙ ካንተ ቤት ይጀምራል። ከየቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሐብሐብ ቅርፊት፣ የተረፈ እንጀራ፣ የቡና አተላ። ሽታው ከዚህ ነው። ዝንቡም፣ ከማዳበሪያው ስር የሚንጠባጠበው ጥቁር ውሃም እንደዚያው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ጠዋት የጣልከው ማታ ይሸታል። እርጥቡን ለብቻ ካወጣህ የቀረው ካርቶን፣ ሃይላንድና ቆርቆሮ ሳምንት ቢቀመጥም ምንም አይልም። የሚሸጠውም ያኔ ነው። የቲማቲም ውሃ የነካውን ካርቶን ቆራሌው ራሱ አይወስድልህም።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የሚሸጠውን ከውስጡ እየለቀሙ ነው ገቢያቸውን የሚደጉሙት። ደረቁን በሌላ ማዳበሪያ አስረህ "ይሄ ንጹሕ ነው፣ የእናንተ ነው" ብለህ በእጃቸው ስጣቸው። ማንም የራሱን ገንዘብ ከብስባሽ ጋር አይደባልቅም። እጃቸውንም ከብዙ ነገር ታድናለህ። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ ካለህ ደግሞ በወፍራም ካርቶን ጠቅልለህ ለብቻ አስቀምጥና ንገራቸው። ብዙዎቹ ጓንት የላቸውም። ይሄን አደራ እላለሁ።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ኮምፖስት (ከብስባሽ የሚሠራ የአፈር ማዳበሪያ) ግቢዬ ውስጥ ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ሸተተ፣ ዝንብ ሰፈረበት። ከዚያ ደግሞ ደርቆ እንዳለ ቀረ። የድሬ ሙቀት አይሆንለትም እንዴ?

መልስ፦ እንዲያውም ሙቀቱ ያግዛል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ያስቸገረሽ የእርጥቡና የደረቁ ልክ፣ ከዚያም ውሃው ነው።

የሸተተው እርጥቡ ስለበዛና አየር ስላጣ ነው። አንድ ባልዲ የወጥ ቤት ትርፍ ስታደርጊ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር ጨምሪ። የረገፈ ቅጠል፣ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶን ይሆናል። እርጥቡን ከላይ አትተይው፣ በደረቁ ሸፍኚው። ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው የተጋለጠ ምግብ ስታገኝ ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ያለበት ወጥ አታስገቢ።

የደረቀው ደግሞ ፀሐይ ላይ ስለሆነ ነው። ኒም ዛፍ ካለሽ ከሱ ጥላ ስር አድርጊው፤ ከላይ አሮጌ ጆንያ አልብሺው። አትክልት ያጠብሽበትን ውሃ አርከፍክፊበት፣ የሳሙናውን ግን ተይው። ልኩን በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ከመሐል እፍኝ ዘግነሽ ጨምቂው። ጠብታ ጠብታ ካለ ጥሩ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሪ፣ እጅሽ ላይ ከተበተነ ውሃ ጨምሪ። ክምሩ በቁመትም በወርድም ወደ አንድ ሜትር ቢሆን ውስጡ በደንብ ይግላል፤ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጠዋት ስታገላብጪው እንፋሎት ሲወጣ ካየሽ እየሠራ ነው። በየሳምንቱ ወይ በየአሥራ አምስት ቀኑ አገላብጪው። ሁለት ሦስት ወር ላይ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው።

ቦታ የሌለሽ ከሆነ ጎኑንና ስሩን የበሳሽው አሮጌ በርሜል ይበቃል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ የኛ ቤት ትልቁ ቆሻሻ ገረባ (ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት) ነው። በየቀኑ ማዳበሪያ ሙሉ ይወጣል። ለፍየል ልስጠው?

መልስ፦ የድሬን ገንዳዎች ከሚሞሉት አንዱ ይሄው ነው፤ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። ፍየል ቅጠሉን ይወደዋል። ግን ጫት ላይ ተባይ ማጥፊያ የሚረጩ ገበሬዎች አሉ። ስለዚህ ሳታጥብ፣ በተለይ ለሚታለብ ፍየል ባትሰጥ ይሻላል። ከፌስታል ጋር የተጠቀለለውን ደግሞ በጭራሽ። እንጨቱን ቆራርጠህ ለኮምፖስት ደረቅ ክፍል አድርገው፤ ክምሩ ውስጥ አየር እንዲገባ ያደርጋል።

ሌላም መንገድ አለ። ደረቁን እንጨት አየር በማይገባው በርሜል ውስጥ አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ ከስታርች ጋር ለውሶ በቅርጽ መጫን ነው። የሚወጣው ከሰል ቡና ያፈላል። ለአንድ ቤት ልፋቱ ይበዛል። ሥራ ለሚፈልጉ አምስት ስድስት ወጣቶች ግን ጥሬ ዕቃው በነፃ በየበሩ ተቀምጦላቸዋል። ከሰሉን የምታዘጋጁ ከሆነ ጭሱ ከመኖሪያ ይራቅ።

ጥያቄ (ከለገሃሬ)፦ ጎረቤቴ ማታ ማታ ፌስታልና ሃይላንድ ያቃጥላል። ልጄ አስም አለባት። ስናገረው "ከመከመር ይሻላል" ይለኛል።

መልስ፦ አይሻልም። ፕላስቲክ በሜዳ እሳት በደንብ አይነድም፤ በከፊል ነዶ መርዛማ ጭስ ይሆናል። አንዳንዱ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧና የሽቦ ልባስ፣ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል ለካንሰር የሚዳርግ መርዝ ያወጣል። አመዱም ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ ይቀራል። ለሱ እንዲህ በይው፦ "ሃይላንዱን ለኔ ስጠኝ፣ ከኔ ጋር አብሬ እሸጠዋለሁ።" ጠብ ከመግጠም ይሄ ይቀላል። የልጅሽንም ነገር ሳታፍሪ ንገሪው። የድሬ ሰው የታመመ ልጅ ሲሰማ ልቡ ይራራል።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ብቀብረውስ?

መልስ፦ ልጣጩን አዎ፣ ቅበረው። ሌላውን አይሆንም። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ መሬታችን ደግሞ አሸዋ ይበዛዋል። የባትሪ ድንጋይ፣ የመኪና ዘይት፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከተቀበረ ወደ ታች ይሰርጋል። የተቃጠለውን ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች መልስ። የባትሪ ድንጋይ በጠርሙስ አጠራቅም፣ ከምግብ ትርፍ ጋር አትደባልቅ። የኢንሱሊን መርፌ ያላችሁ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ወደምትታከሙበት ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ጥያቄ (ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ ሰዉ ቆሻሻውን እኛ ዘንድ አሸዋው ላይ ይደፋል። "ጎርፍ ይወስደዋል" ይላል። የ98ቱን ረሱት?

መልስ፦ እማማ፣ አልተረሳም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። ያን ውሃ ያመጣው ከላይ ከተራራው የወረደው ዝናብ ነው፣ ቆሻሻ ነው ማለት አልችልም። ግን ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደርቆ እየዋለ በአንድ ሌሊት ይሞላል። የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ያስፈልገዋል። ቦዩና የድልድዩ ስር በፌስታል፣ በጨርቅና በፍርስራሽ ከተዘጋ ውሃው መውጫ ያጣል፤ ወደ ቤት ይዞራል። "ጎርፍ ይወስደዋል" የሚለው ሰው ወዴት እንደሚወስደው አይጠይቅም። ከታች ያለው ሰው ደጅና እርሻ ላይ ነው የሚያራግፈው።

የሰፈራችሁ እድር ከሰኔ በፊት አንድ ቅዳሜ ቦይ ለመጥረግ ቢያውለው ብዙ ነው። ግን የጠረጋችሁትን ደለል ቦዩ አፍ ላይ አትተዉት። መጀመሪያ ማንሻ መኪናውን አስይዙ፣ ከዚያ አካፋ አንሱ። ካልሆነ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

ጥያቄ (ከቀፊራ)፦ ፍየሌ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ሲከፍቷት ፌስታል ተገኘ። ፌስታል ተከልክሏል አይደል?

መልስ፦ ያሳዝናል። ፌስታል በፍየል ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም። እየተጠቀለለ ይቋጠራል፤ መኖ የሚገባበትን ቦታ ይይዛል። ፍየሏ የምትበላው የምግብ ሽታ ስላለበት ነው፤ ስለዚህ የተረፈ ምግብ በፌስታል ቋጥሮ መጣል ወጥመድ መዘርጋት ነው።

ሕጉን ካነሳህ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል። በፌስታል ፋንታ የድሮው ዘንቢል አለ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ይሸጣል፣ ዓመታት ያገለግላል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል)፦ አጥንቱን ማታ ውጪ እናስቀምጣለን፣ ጅብ ይወስደዋል። ይሄስ ችግር አለው?

መልስ፦ ጅብ አጥንት ፈጭቶ የሚበላ እንስሳ ነው፣ ሐረር ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች። ችግሩ ከጅቡ በፊት ውሻ ይደርሳል። የውሻ መንጋ በበዛበት የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አለ። ካስቀመጣችሁ ያለ ፌስታል፣ ልጆች ከሚመላለሱበት ርቆ፣ ጨለማ ከያዘ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ (ከመልካ ጀብዱ)፦ ጓሮ አሮጌ ጎማና የተሰበሩ ጀሪካኖች አሉ። አይሸቱም፣ አይረብሹም። ልተዋቸው?

መልስ፦ ዛሬውኑ አንሳቸው! ድሬን ካስቸገሯት ቆሻሻዎች ዋናው ይሄ የማይሸተው ነው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ የሚባሉ የትኩሳት በሽታዎች ከተማዋን አንገላትተዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ጥቂት ውሃ ትፈለፈላለች። በ2014 ዓ.ም. የወባው ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ ውሃ ማጠራቀሚያ ላይ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ ተገኝታለች።

ውሃውን ብቻ መድፋት አይበቃም። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜልህን በየሳምንቱ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትገህ እጠብ፣ ክዳን ወይ ወፍራም ጨርቅ አድርግበት። ጎማው ካስፈለገህ አፈር ሞልተህ አበባ ትከልበት።

ጥያቄ (ከቁጥር አንድ)፦ ዳይፐር?

መልስ፦ ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፊ። ዳይፐሩን ጠቅልለሽ ለብቻ ቋጥሪ። ሽንት ቤት ውስጥ አትክተቺው፣ ይዘጋዋል። ሞዴስም እንደዚያው።

ጥያቄ (ከአሸዋ ገበያ አካባቢ)፦ ገንዳው እኛ በር ላይ ነው። ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ቀናት ይቆማል። ማንን እንጠይቅ?

መልስ፦ ቀበሌውን። ግን "ሸተተን" ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ገንዳው የሚሞላበትንና መኪናው የመጣበትን ቀን ለሁለት ሳምንት ጻፉ። ከገበያው የሚደፋውን ልጣጭም ተመልከቱ፤ የአትክልት ነጋዴዎቹ ትርፋቸውን ለከብት አርቢ ወይ ኮምፖስት ለሚሠራ ማህበር ቢሰጡ ገንዳው እንዲህ ቶሎ አይሞላም። እነሱንም አብራችሁ ያዙ፤ ሽታው ገበያቸውንም ያርቃል። ሦስት አራት ሆናችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ፣ መኪናው የሚመጣበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። ስልክም ተቀበሉ።