ፋሲካ ሲያልፍ እንባዬ ደረቀ፤ ጸጋው ተለየኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በዐቢይ ጾም ጥሩ ነበርኩ። ሌሊት እነሣለሁ፤ ከሥራ እያስፈቀድኩ ቅዳሴ እደርሳለሁ፤ በሰሙነ ሕማማት ስሰግድ እንባዬ አይቆምም ነበር። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ጠፋብኝ። ጸሎቱን ለአፌ ያህል ነው የምለው። ረቡዕ ሥጋ ስበላ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር ባለፉት ሁለት ሳምንታት ረቡዕንና ዓርብን በድብቅ ጾሜያለሁ፤ ቤተሰቦቼን «ሆዴን አሞኛል» እያልኩ። ጸጋው ተለየኝ ማለት ነው? እንደገና ለመታደስስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሆድ ሕመሙ ልጀምር። ሳያምሽ አሞኛል ማለት ውሸት ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት (በዓለ ሃምሳ በምንላቸው) ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። ባልታዘዘ ቀን፣ ያውም እየዋሹ መጾም ምን ዓይነት ጾም እንደሚሆን አንቺው ፍረጂ። ይህን ጠንከር አድርጌ የምነግርሽ ሌላው ጥያቄሽ ከዚሁ ጋር ስለተያያዘ ነው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እንዲህ እያሉ የሚመጡ ምእመናን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ እንደ አንቺ ጠንካሮች ናቸው፤ ጾሙን እንደነገሩ ያሳለፈ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። የሚሳሳቱበት ቦታም አንድ ነው። እንባን እንደ መብራት ቆጣሪ ያዩታል። እንባ ካለ እግዚአብሔር ቅርብ ነው፤ እንባ ከደረቀ ሄዷል። ጉልበት ከዛለ ጸሎቱ ደርሷል፤ ካልዛለ አልደረሰም። እንዲህ የሚያስብ ሰው ማዘን ያውቅበታል። ደስታ ላይ ሲደርስ ግን ግራ ይገባዋል፤ እጁን የት እንደሚያኖር እንኳ አያውቅም።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር እንዳይመስልሽ። በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የክርስቶስን አምላክነት የካደውን አርዮስን ካወገዙ በኋላ ሥርዓትም ሠርተዋል። ከሥርዓቶቹ የመጨረሻው፣ 20ኛው፣ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ጉልበታቸውን ስለሚያንበረክኩ ሰዎች የሚናገር ነው። ጸሎቱ በመቆም ይሁን ብለው ወሰኑ። አየሽ፣ ያኔም በደስታ ቀን ካልተንበረከክን የሚሉ ነበሩ። ያን የሚያህል ጉባኤ ደግሞ ጉዳዩን ንቆ አላለፈውም።

እኔ በማገለግልበት ደብር አንዲት እናት አሉ። በሃምሳው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጉልበታቸው በልማድ እጥፍ ይላል። ዲያቆኑ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ሃምሳው እኮ ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና ይሉና ትንሽ ያፍራሉ። እኔ ግን የሚያሳፍር አይመስለኝም። 55 ቀን ጎንበስ ብሎ የኖረ ወገብ በአንድ ሌሊት አይቃናም። ሃምሳ ቀን የተሰጠንም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ነህምያ ምዕራፍ 8ን ክፈቺ። ሕዝቡ ከምርኮ ተመልሷል። ዕዝራ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ቆሞ የሕጉን መጽሐፍ ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበላቸው። ሕዝቡም እየሰሙ አለቀሱ። እኛ ብንሆን «እሰይ፣ ልባቸው ተነካ» ብለን መዝሙር እናስከትል ነበር። ነህምያና ዕዝራ ግን ልቅሶውን አስቆሙት። ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ አሏቸው። ምክንያቱንም ነገሯቸው፦ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ።»

ያለቀሱት ክፉ ስለሆኑ አልነበረም። ለቅሷቸው ከልብ ነበረ። ቀኑ ግን የልቅሶ ቀን አልነበረም። ትእዛዙ ደግሞ በመብላትና በመጠጣት አላበቃም፤ የሌለው ሰው ድርሻ አብሮ ተጠቅሷል። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚታየውን ግፊያ የትንሣኤ ደስታ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አላጣም። ለእሱም ይህንኑ ምዕራፍ ነው የማነብለት። ድርሻ ያልወጣለት ማዕድ ጎደሎ ነው።

«ጸጋው ተለየኝ ወይ?» ላልሽው ደግሞ ዮሐንስ 21ን ተመልከቺ። ጌታ ተነሥቷል። ደቀ መዛሙርቱ በዝግ ቤት ሳሉ አይተውታል፤ ደስም ብሏቸዋል። አንቺና እኔ «ሃምሳው» የምንለው ጊዜ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ጴጥሮስ ምን አለ? «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ።» አብረውት የነበሩት ስድስቱም ተከተሉት። ሌሊቱን ሙሉ ደከሙ፤ አንድም ዓሣ አልያዙም። የትንሣኤውን ጌታ በዓይኑ ያየ ሐዋርያ ባዶ ጀልባ ውስጥ አነጋ። ያንቺ ሁለት ሳምንት ከዚያ ሌሊት ብዙም አይለይም።

ሲነጋ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር። ወደ የብስ ሲወጡ የተቀጣጠለ ፍም፣ በላዩም ዓሣ፣ እንጀራም አዩ። ጴጥሮስ ያን ፍም ሲያይ ምን እንደተሰማው ወንጌሉ አይነግረንም። ነገር ግን ይኸው ወንጌላዊ በምዕራፍ 18 ጴጥሮስ ጌታውን የካደው ፍም እየሞቀ ሳለ እንደነበረ ጽፎልናል። እንግዲህ ወቀሳ ቢኖር ቦታው እዚህ ነበር። ጌታ ግን «ኑ፣ ምሳ ብሉ» አለ። «ትወደኛለህን?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ጴጥሮስም አዘነ፤ በጎቹንም ተረከበ። መታደሱ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ አበላው።

አንቺ ይህን ገልብጠሽዋል። መጀመሪያ በእንባዬ ልክፈል፣ ከዚያ ማዕዱ ይገባኛል እያልሽ ነው። ስለዚህ ማዕዱ ሲቀርብ ከበደሽ። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ሆኖ ከግብዣው ውጭ ቆሟል። በሥራው ማንም አያማውም፤ መግባት ግን አቃተው።

ደስታ የማይሰማሽ መሆኑን አልካድኩም። አትዋሺ ብዬ ጀምሬ የሌለሽን ፈገግታ ልበሺ አልልሽም። ዳዊት በመዝሙር 50 «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ብሎ ለመነ፤ ያውም በዚያ ሁሉ ንስሐ መካከል። ይህን መዝሙር በየቀኑ እያነበብሽው ይሆናል። እዚያች ቦታ ስትደርሺ ቆም በይ። የደረቀ ልብ የሚጸልየው ጸሎት ቢኖር እሱ ነው፤ እንባ ባይኖርም ይሰማል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለሽ የምትመልሺውም የዚያን ቀን ስሜትሽ ታይቶ አይደለም። ተነሥቷል፤ ትመልሻለሽ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ አልበላ ካለሽ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃተሽና ይህም ከሰነበተ ለንስሐ አባትሽም ለሐኪምም ንገሪ። ሁሉም ጨለማ የጸሎት ጉድለት አይደለም። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት የሚመስላቸው አሉ፤ እነሱን አትስሚ።

አሁን ወደ ረቡዕሽ። የፊታችን ረቡዕ ከቤተሰቦችሽ ጋር ተቀምጠሽ ምሳሽን ብዪ። ከመቁረስሽ በፊት አንድ ሳህን ለይተሽ አስቀምጪ። በዚህ ኑሮ ጾሙን በሽሮ የፈታ ጎረቤት አታጪም፤ የምታውቂው ይመስለኛል። ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ልጅ አትላኪ። ቁጭ በይና ቡናም ካለ ጠጪ። ጸሎትሽን አሳጥሪው እንጂ አትተዪው፤ ቆመሽ አድርጊው። ለመቁረብ ደግሞ «ጾም ሲገባ» ብለሽ እንዳትቀጥሪ። ቅዳሴው በሃምሳውም አለ፤ ከቁርባን በፊት የሚጾመውም ጾም አልቀረም። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ቤተ መቅደሱ በቆራቢ የሚሳሳው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በድብቅ የጾምሻቸውን ቀናት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። አይቆጡሽም፤ ቢቆጡሽም ስለ ሆድ ሕመሙ ይሆናል። ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል። ስግደቱም ያኔ ይጠብቅሻል፤ ጉልበትሽን እስከዚያ አሳርፊው።