ወፏ ለምን ሌላ ቦታ አትሄድም?

ጥያቄ፦ ልጄ ማንኪያ የሚመስል ምንቃር ያላት ወፍ በቴሌቪዥን አይታ «ልትጠፋ ነው» ብላ ስታለቅስ አመሸች። የባሕሩ ዳር በአፈር ስለተሞላ ነው አሉ። ግን ክንፍ አላት አይደል? አንዱ ቦታ ቢበላሽ ሌላ ቦታ አታርፍም እንዴ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው። ይቺ ወፍ (በእንግሊዝኛ ስፑን-ቢልድ ሳንድፓይፐር ይሏታል) 30 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ1,000 በታች እንደሆኑ ይገመታል። የምትፈለፍለው ሩሲያ ጫፍ፣ ቹኮትካ ላይ ነው። ብርዱ ሳይመጣ ተነስታ በኮሪያና በቻይና ዳርቻ በኩል እስከ ባንግላዴሽና ማያንማር ትወርዳለች፤ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሰውም። መሃል ላይ ወርዳ መብላትና መወፈር አለባት፤ ነዳጇ ስቧ ነው። ለዚህ የምትወርደው በቻይናና በኮሪያ መካከል ባለው ቢጫ ባሕር ዳር ያለው ጭቃ ላይ ነው።

ጭቃው ላየው ሰው ባዶ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሸሽ ይገለጣል፣ ሲመለስ ይሸፈናል። ውስጡ ግን በትልና በጥቃቅን የባሕር ነፍሳት የተሞላ ነው፤ ወፏም አንገቷን ደፍታ፣ ያን ምንቃሯን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰች እሱን ስትለቅም ትውላለች። ለልጅዎ ይንገሯት፦ ጫጩቶቹ ከእንቁላል ሲወጡ ራሱ ምንቃራቸው ማንኪያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ደቡብ ኮሪያ ሴማንገም በሚባለው የቢጫ ባሕር ዳርቻዋ ላይ 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግንብ ሠርታ እ.ኤ.አ በ2006 ባሕሩን ከጭቃው ለይታ ዘጋች። እዚያ ያርፉ የነበሩ የዚህች ወፍ የቅርብ ዘመዶች በአቅራቢያው ዳርቻ በርክተው አልታዩም። አውስትራሊያ ላይ ግን፣ መንገዳቸው የሚያልቅበት ቦታ፣ ቁጥራቸው ቀነሰ። የጎደሉት ሌላ ቦታ አልሄዱም፣ አለቁ ማለት ነው። የተረፈው ጭቃም ቢሆን በዚያው መስመር ለሚያልፉ ሚሊዮን ወፎች አይበቃም።

ደግነቱ ነገሩ አልተተወም። ቻይና እ.ኤ.አ በ2018 ለንግድ ተብሎ ባሕርን በአፈር መሙላትን አገደች፤ በዓመቱ የቢጫ ባሕር ዳርቻዋ ከፊሉ በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዘገበ። ቹኮትካ ላይም እንቁላሎቹን ሰብስበው፣ ጫጩቶቹን አሳድገው የለቀቁ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን ጭቃው ካልተረፈ ይሄ ሁሉ ልፋት ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

እሷን እኛ አገር አያገኟትም፤ መንገዷ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግን ልጅዎን ዝዋይ ሐይቅ ይውሰዷት፤ ከሳይቤሪያ የመጡ ትናንሽ ዘመዶቿ ውሃው ጠርዝ ላይ ሲሯሯጡ ታያለች። አቢያታንም አሳዩዋት፣ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ ለሚውል የሶዳ ጨው) ተቀድቶ የት ድረስ እንደሸሸ። ጠዋት ይድረሱ፣ በጣም ደግሞ አይጠጓቸው፤ በተባረሩ ቁጥር ለመንገዱ ያጠራቀሙት ስብ ይቃጠላል።